ከማዕከል ወደ ሥራ ቦታ

የጣና ዓሣ ባሕር ዳር ላይ ለምግብ እስኪቀርብ በብዙ እጅ ያልፋል፤ ይታጠባል፣ ቅርፊቱ ይፋቃል፣ ይመዘናል። በሆቴሎቹ ጓዳም አንሶላ ይታጠፋል፣ ብርጭቆ ይወለወላል። የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸው በርካታ ወጣቶች እነዚህን ሥራዎች ከሌላው ሠራተኛ ጎን ቆመው፣ በእኩል ደመወዝ ሊሠሩ ይችላሉ።

እንዴት?

አሠልጣኝ አብሯቸው ሥራ ቦታ ይገባል። አንሶላ ማጠፍ ከሆነ መጀመሪያ ሁለቱን ጫፍ ማገናኘት ብቻ ይለማመዳሉ፤ ያ እጃቸው ሲገባ ቀጣዩ እጥፋት ይመጣል። ቅደም ተከተሉ በሥዕል ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። አሠልጣኙ ቀስ በቀስ ይርቃል፣ ሠራተኛው በሥራው ይቀጥላል። አሠራሩ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አሜሪካ ውስጥ የተስፋፋ ነው።

ሕጉም ከጎናቸው ነው። ስለ አካል ጉዳተኞች የሥራ መብት የወጣው አዋጅ ቁጥር 568/2000 የአእምሮ ጉዳት ያለባቸውንም ያካትታል፤ አሠሪው የሥራ ቦታውን እንዲያመቻች፣ ሲያስፈልግም ረዳት እንዲመድብ ያዛል።

ወይዘሮ ዘሚ የኑስ በ1994 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የከፈቱት ጆይ የኦቲዝም ማዕከል፣ ቤት ተዘግቶባቸው የነበሩ ልጆች መማር እንደሚችሉ ለብዙ ቤተሰብ አሳይቷል። ልጆች ግን ያድጋሉ፤ ሥራም ይፈልጋሉ።

የባሕር ዳር ሆቴል ባለቤቶችና የዓሣ አስጋሪ ማኅበራት፣ በሚቀጥለው ቅጥራችሁ ለእነዚህ ወጣቶች አንድ ቦታ ክፈቱ።