ክቡና አራት ማዕዘኑ፦ የወለጋ አብያተ ክርስቲያናት ንድፍ



ክብ ቤተ ክርስቲያን በቅኔ ማኅሌት፣ በቅድስትና በመቅደስ ይከፈላል፤ ምእመኑ ምሥጢሩን ከብቦ ይቆማል። የወንጌላውያን ቤት ግን አራት ማዕዘን አዳራሽ ነው፤ ሁሉም ፊቱን ወደ ሰባኪው ያቀናል። ንድፉ ከአውሮፓ ቢመጣም፣ በነቀምቴ ትርጉም የሰጠው የኦሮምኛ ስብከት ነው። ኦነሲሞስ ነሲብ ከአስቴር ጋኖ ጋር የደከመበት መጽሐፍ ቅዱስ እ.ኤ.አ. በ1899 ታተመ፤ እርሱም በ1904 ነቀምቴ ገባ። በ1906 ከማስተማር በቀር እንዳይሰብክ ታገደ፤ ልጅ ኢያሱ በ1916 ፈቀደለት። ስለዚህ የዚህን አዳራሽ ታሪክ የሚጽፍ ሰው ከመማሪያ ክፍሉ ይጀምር።

አሮጌ ሕንፃ ከመታደሱ በፊት ስትለኩ፣ ግድግዳውን ብቻ አትለኩ፤ ድምፅ ከየት ተነሥቶ ለማን ይሰማ እንደ ነበርም መዝግቡ። ግድግዳው ከፈረሰ በኋላ ይህን የሚነግረን የለም።