የሕፃናቱ የስፖርት ቀንና የወላጆች ድርሻ

(በመዋዕለ ሕፃናት መምህራን ስም በወላጆች ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)






በሚቀጥለው ሳምንት ቅዳሜ ከ4 እስከ 6 ዓመት ያሉ ልጆቻችን ከወላጆቻቸው ጋር የሚጫወቱበት የስፖርት ቀን እናደርጋለን። ቅዳሜን የመረጥነው ዓርብ የሶላት፣ እሑድ የቤተ ክርስቲያን ቀን ስለሆነ፣ ከሬሽን ዕደላም ጋር ስለማይጋጭ ነው። የምንጀምረው ከጠዋቱ 1 ሰዓት፣ የምንጨርሰው 3 ሰዓት ላይ ነው። (ስዋሂሊ ተናጋሪ ጎረቤቶቻችንም ሰዓት የሚቆጥሩት እንደ እኛው ስለሆነ በዚህ እንኳ አንደናገርም።) ካኩማ ላይ ረፋዱ ካለፈ አሸዋው እግር ያቃጥላል፤ ነፋሱም አቧራውን ያነሣዋል። በመሆኑም 2 ሰዓት ላይ የሚደርስ ሰው ግማሹን እንዳጣ ይወቅ።

ጠዋት የውኃ ሰልፍ ሰዓት መሆኑን አልዘነጋንም። ትልልቆቹ ተማሪዎች ለዚያ ዕለት ብቻ ጄሪካኑን ይዘው ተራ እንዲጠብቁ ተነጋግረናል፤ ፈቃደኞች ናቸው።

የስፖርት ቀን ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ሩጫ ነው። ልጆቹ ይሰለፋሉ፣ ፊሽካ ይነፋል፣ አንዱ ይቀድማል፣ ወላጅ ዳር ቆሞ ያጨበጭባል። ለትልልቆቹ ይህ ጥሩ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 በሪዮ ኦሎምፒክ ከተሳተፉት 10 የስደተኞች ቡድን አባላት 5ቱ በዚሁ በካኩማ የኖሩ የደቡብ ሱዳን ተወላጆች ነበሩ፤ የማራቶን ሯጩ ኢትዮጵያዊው ዮናስ ኪንዴም በዚያው ቡድን ውስጥ ነበር። እንኳን እነሱ፣ እኛም ኮርተናል። የ4 ዓመት ልጅ ግን ፊሽካ ሲነፋ መጀመሪያ የሚያደርገው እናቱ የት እንዳለች መፈለግ ነው። ግማሹ ወደ ፊት ሲሮጥ ግማሹ ወደ እናቱ ይሮጣል። ስለዚህ እናቲቱንም ሜዳው ውስጥ እናስገባት ብለናል።

ጨዋታዎቹን እንንገራችሁ፤ ቤት ሄዳችሁም ትለማመዳላችሁ።

የመጀመሪያው ምንም ዕቃ አይፈልግም። ልጁም ትልቁም ጫማ ያወልቃሉ። ልጁ በአባቱ ወይም በእናቱ እግር ላይ ይቆማል፤ እጅ ለእጅ ተያይዘው 10 እርምጃ አብረው ይራመዳሉ። ትልቁ ከቸኮለ ልጁ ይወርዳል። ከወረደ እዚያው ቆመው ይጠብቁታል፤ መልሶ ሲወጣ ይቀጥላሉ። ከሁሉ ጨዋታ እኛ የምንወደው ይህን ነው፤ ምክንያቱም ትልቁ ሰው በልጁ ልክ ካልሄደ በቀር አይሆንለትም። በባዶ እግር ስለሆነ ግን የማቴንጌ እሾህ ያሰጋናል። ዓርብ ማታ ሜዳውን የሚጠርጉ 10 ሰዎች መጥረጊያ ይዘው ቢመጡልን ደስ ይለናል።

ሁለተኛው የብርድ ልብስ ጨዋታ ነው። አራት ትልልቆችና አራት ልጆች የአንድ ብርድ ልብስ ዳር ይይዛሉ። መካከሉ ላይ የጨርቅ ኳስ ይደረጋል፤ ሁሉም በአንድ ላይ ወደ ላይ ያነጥሩታል፤ መሬት ሳይነካ ስንት ጊዜ እንደነጠረ ልጆቹ ይቆጥራሉ። በአማርኛ፣ በስዋሂሊ፣ በአረብኛ፣ በሶማሊኛ ቢቆጥሩ ለእኛ ሁሉም ትክክል ነው። ኳሱን ከአሮጌ ካልሲና ከጨርቅ ቁራጭ እኛው እንሠራለን፤ ብርድ ልብስ የሚያውሰን ግን እንፈልጋለን።

ሦስተኛው የአሸዋ ቅብብል ነው። በሌላ አገር ይህ ጨዋታ በውኃ ይሠራል፤ ኩባያውን ሞልቶ እየሮጡ ባልዲ ውስጥ ማፍሰስ ነው። እዚህ ውኃ መሬት ላይ የሚደፋ ሰው ምን እንደሚባል ታውቃላችሁ። ከላጋው ያመጣነው አሸዋ ይበቃናል። ልጁ በኩባያ አሸዋ ይዞ ወደ አሳዳጊው ይሄዳል፤ አሳዳጊው ቆርቆሮውን ዝቅ አድርጎ ይቀበለዋል፤ ልጁ ተመልሶ ኩባያውን ለሚቀጥለው ይሰጣል። ርቀቱ ከ10 ሜትር አይበልጥም። በማንኪያ እንቁላል ይዞ መሮጥ የሚባለውንም በዚሁ ምክንያት ለውጠነዋል። በእህል አይቀለድም፤ ማንኪያው ላይ የቅልልቦሽ ጠጠር እናደርጋለን።

የጆንያ ሩጫም አለ፤ ጆንያው ውስጥ የሚገባው ግን ትልቁ ነው። የዱቄት ጆንያ ለትንሽ ልጅ እስከ አንገቱ ስለሚደርስ ጠልፎ በግንባሩ ይጥለዋል። ልጁ ከፊት እየሄደ መንገድ ያሳያል፤ አባቱ እየዘለለ ይከተለዋል። አባቶች ብትወድቁ አትዘኑ። ልጆቹ የሚጠብቁት እሱን ነው።

ለአያቶች፣ ነፍሰ ጡር ለሆኑና እግራቸውን ለሚያማቸው በጥላው ሥር ክብ ሠርቶ መሀረቤን መጫወት ይቻላል። በአብዛኛው ቁጭ ብሎ ስለሚጠበቅ ብዙ አያደክምም፤ ሕጉንም ከእኛ ይልቅ እነሱ ያውቁታል።

የገመድ ጉተታ እንዲኖር የጠየቃችሁን ነበራችሁ። በዚህ ቀን አይኖርም። ገመዱ እጅ ይልጣል፤ ከዚያም በላይ ትልልቅ ሰዎች ገመድ ሲይዙ ልጆቹን ይረሳሉ፤ ወዲያው "የእነማን ወገን አሸነፈ" ወደሚለው ይሄዳል። ቡድን የምንከፍለው በቀለም ጨርቅ ብቻ ነው፤ ቀይ፣ ቢጫ፣ ሰማያዊ። በአገር፣ በቋንቋ ወይም በምንኖርበት ብሎክ አንከፍልም። ሽልማትም አይኖርም። ከረሜላ ከተገኘ ለሁሉም ይታደላል፤ ለሁሉም ካልበቃ ለማንም አይሰጥም። ማን እንደቀደመ የ6 ዓመቶቹ መቁጠራቸው አይቀርም፤ እሱን መከልከል አንችልም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ከወላጅ ጋር ጨዋታ ስንል ወላጁ የሌለው ልጅስ? በክፍሎቻችን ውስጥ ከአክስቱ ጋር የሚኖር አለ፤ ከ15 ዓመት እህቱ ጋር የሚኖር አለ፤ እናቱ ሆስፒታል የተኛችበት አለ። ልጆች ሁሉ እጅ ለእጅ ተያይዘው ሲሰለፉ አንድ ልጅ ብቻውን መሥመሩ ላይ ከሚቆም የስፖርት ቀኑ ባይኖር እንመርጣለን። አስተማሪ ሮጦ እጁን ቢይዘው እንኳ ልጁ ለምን አስተማሪ እንደያዘው ያውቃል፤ ጓደኞቹም ያውቃሉ።

ስለዚህ እንዲህ አስበናል። የመጀመሪያውን ጨዋታ እያንዳንዱ ልጅ ከራሱ ሰው ጋር ይጫወታል፤ ሰው የሌለው ልጅ ደግሞ አስቀድሞ ከሚያውቀው ጎረቤት ጋር ይጫወታል። ከሁለተኛው ጨዋታ ጀምሮ ፊሽካ በተነፋ ቁጥር ሁላችሁም ልጅ ትቀያየራላችሁ። የራሱን ልጅ ብቻ ይዞ የሚቀር አይኖርም። ያን ጊዜ ማን የማን እንደሆነ በሜዳው ላይ አይለይም። የሚያለቅስ ልጅ ካለ ወደ ሰዉ ይመለሳል፤ አናስገድድም።

ለዚህ የሚጎድሉን አባቶች ናቸው። እናቶች ጄሪካን አስቀምጠው ይመጣሉ። አባቶች ግን ዳር ቆመን እናያለን ትላላችሁ፤ ሽማግሌ ፊት መዝለል ነውር ይመስላችኋል። ልጃችሁ እናንተን የሚያያችሁ በሬሽን ሰልፍ ላይ፣ በቢሮ በር ላይ ቁጭ ብላችሁ ስማችሁ እስኪጠራ ስትጠብቁ ነው። አንድ ጠዋት ደግሞ ጆንያ ውስጥ ገብታችሁ ስትስቁ ይያችሁ። የኮሙኒቲው ሊቀ መንበርና ሁለት ሽማግሌዎች የመጀመሪያውን ጆንያ እኛ እንገባለን ብለውናል፤ ስለዚህ ነውሩ ቀርቷል።

ሬሽን በሚያንስበት ጊዜ ጨዋታ ምን ያደርጋል ያሉንም አሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው። እኛ የምንመልሰው ይህ ቀን ከማንም ሬሽን ላይ ምንም እንደማይቀንስ ነው፤ ጆንያው፣ አሸዋውና ጨርቁ እዚሁ ያለ ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ያጸደቀው የሕፃናት መብቶች ስምምነትም በ31ኛው አንቀጽ የመጫወትን መብት ከሕፃኑ መብቶች አንዱ አድርጎ ጽፎታል። ስደተኛ ሲሆን ይቀርበታል አይልም።

በመጨረሻ የምንፈልገው ስም ነው። አሁን ሁለት ወረቀት እናዞራለን። በአንደኛው ከልጃችሁ ጋር የምትመጡ ትጽፋላችሁ። በሁለተኛው ለጎረቤት ልጅ ሰው ሆናችሁ የምትመጡ ትጽፋላችሁ፤ የልጁን ስም ግን እዚያ ላይ አትጻፉ፣ ለእኛ በጆሮ ንገሩን። መጻፍ ለሚያስቸግራችሁ እኛ እንጽፋለን። ብርድ ልብስ የምታውሱ፣ ሜዳ የምትጠርጉም እዚሁ ተመዝገቡ። ቅዳሜ ስትመጡ ለልጁ ኮፍያ ወይም ሻሽና የሚጠጣ ውኃ ያዙ።

ወረቀቱ ከኋላ በኩል ይጀምር።