ከሸክላ አፈር ወደ ዱቄት ሳሙና፦ ምትክ ማለት ምን ማለት ነው?



ሸክላ አፈር በልብስ ማጠቢያ ዱቄት ሳሙና ውስጥ ፎስፌትን ሊተካ ይችላልን? ይህን ለመመለስ አስቀድሞ ፎስፌቱ ምን ይሠራ እንደነበር መጠየቅ ይገባል። ሶዲየም ትራይፖሊፎስፌት በውሃ ውስጥ ያሉትን የካልሲየምና የማግኒዚየም አዮኖች ይዞ ያስቀራል። እነዚህ አዮኖች ካልተያዙ የማጽጃውን ኃይል ያደክማሉ፤ ነጩን ልብስም ያጠይማሉ። ችግሩ የሚጀምረው እጣቢው ሐይቅ ሲደርስ ነው። ፎስፈረስ ለአልጌ ማዳበሪያ ይሆናል፤ አልጌው ሞቶ ሲበሰብስም የውሃውን ኦክስጅን ይጨርሳል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከ2013 አጋማሽ ጀምሮ በቤት ውስጥ የልብስ ማጠቢያ ያለውን ፎስፈረስ በአንድ መደበኛ እጥበት 0.5 ግራም ላይ የገደበው በዚሁ ምክንያት ነው።

የፎስፌትን ቦታ በሰፊው የያዘው ዚኦላይት ኤ ነው። ካኦሊን ለዚህ የተመቸ ጥሬ ዕቃ የሆነው በአጋጣሚ አይደለም፤ በካኦሊንም ሆነ በዚኦላይት ኤ ውስጥ የሲሊከንና የአሉሚኒየም አቶሞች ቁጥር እኩል ነው። ካኦሊን ከ600 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሲቃጠል በውስጡ የታሰረው ውሃ ይወጣል፤ የክሪስታል ሥርዓቱም ይፈርሳል። ይህ ዱቄት በኮስቲክ ሶዳ ውህድ ውስጥ ወደ 100 ዲግሪ በተጠጋ ሙቀት ለሰዓታት ሲቆይ፣ 0.4 ናኖሜትር ያህል ቀዳዳ ያለው አዲስ ክሪስታል ይሠራል። በዚያ ቀዳዳ አንድ ካልሲየም ሲገባ ሁለት ሶዲየም ይወጣሉ።

እዚህ ላይ መለየት ያለበት ነገር አለ። አንድ ግራም ዚኦላይት ኤ 150 ሚሊግራም ገደማ የካልሲየም ኦክሳይድ ያህል ይይዛል። ያልተለወጠ ካኦሊን ግን ከ5 ሚሊግራም አይበልጥም። እንግዲህ ጥሬ ሸክላ ፈጭቶ ከሳሙና ጋር መቀላቀል ምትክ ሳይሆን ክብደት መጨመር ነው። ገዢው ለአፈር ይከፍላል፤ ልብሱም አይጠራም።

በክብረ መንግሥት አካባቢ የሚገኘው የቦምቦሃ ካኦሊን ይህን ጥያቄ የአገራችን ጥያቄ ያደርገዋል። ሆኖም ሒሳቡ በአፈሩ ዋጋ አያበቃም። ማቃጠያው ነዳጅ ይፈልጋል፤ ኮስቲክ ሶዳም ያስፈልጋል፤ በአፈሩ ውስጥ ያለ ብረት ምርቱን ያቀላዋል። በተጨማሪም ዚኦላይት ብቻውን እንደ ፎስፌት ውሃውን አልካሊ ስለማያደርግ ሶዳ አሽ ይታከልበታል። ሶዳ አሽ ሲወጣበት የቆየው አቢጃታ ሐይቅ ደግሞ ክፉኛ ሸሽቷል። አንዱን ሐይቅ ከአልጌ ለማዳን ሌላውን ማድረቅ መፍትሔ ተብሎ ሊቆጠር አይችልም።

ስለዚህ ተማሪዎቼ፣ በመመረቂያ ጽሑፋችሁ ላይ «ተተክቷል» የሚል ቃል ከመስፈሩ በፊት ሦስት ነገሮች ይለኩ፦ የተያዘው ካልሲየም፣ የታጠበው ጨርቅ ንጣት፣ የወጣው ነዳጅና ኬሚካል። ሦስቱም በቤተ ሙከራችን ሊለኩ የሚችሉ ናቸው።