በጁባ ያሳለፍሁት የፍርሃት ሰሞን

(በትምህርት ቤቱ የምሥረታ በዓል ላይ ለተማሪዎች የተደረገ ንግግር)



በተማርሁበት ትምህርት ቤት በዓል ላይ ቆሜ እንድናገር ስለ ተጋበዝሁ የተሰማኝ ደስታ ከፍ ያለ ነው። ልነግራችሁ ያሰብሁት ግን የሚያስደስት ነገር አይደለም። በ2006 ዓ.ም. በደቡብ ሱዳን ዋና ከተማ በጁባ በሒሳብ ሥራ ላይ ሳለሁ ያሳለፍሁትን የፍርሃት ሰሞን ላወራችሁ ነው። ይህንም የማወራው አንድ አገር በምን መንገድ ወደ እሳት እንደሚገባ አስቀድማችሁ እንድታውቁት ብዬ ነው።

ደቡብ ሱዳን ከብዙ ዘመን ጦርነት በኋላ ሐምሌ 2 ቀን 2003 ዓ.ም. ነጻ አገር ሆነች። በነጭ ዓባይ ዳር ያለችው ጁባም ከየአገሩ እንጀራ ፈላጊ የሚጐርፍባት ከተማ ነበረች። ከእኛም አገር የሄዱ ብዙዎች ሆቴልና ምግብ ቤት ከፍተው፥ በቦቴ መኪና ውሃ እያመላለሱ ይኖሩባት ነበር። ነገር ግን ነጻነቱ ሁለት ዓመት እንደ ሞላው በገዥው ፓርቲ ውስጥ የሥልጣን ክርክር በረታ፤ በሐምሌ 2005 ዓ.ም. ፕሬዚዳንቱ ሳልቫ ኪር ምክትላቸውን ሪክ ማቻርን ከሥልጣን አወረዱ። ፕሬዚዳንቱ የዲንካ፥ ምክትሉ የኑዌር ተወላጅ ናቸው። ቢሆንም ጠቡ በዚያን ጊዜ የሹማምንት ጠብ ነበረ፤ በገበያ ጐን ለጐን ተቀምጠው የሚነግዱት ሰዎች ሰላምታቸውን አላቋረጡም ነበር።

እሑድ ታኅሣሥ 6 ቀን ሌሊት በፕሬዚዳንቱ የክብር ዘብ ሰፈር ተኩስ ተከፈተ። በማግሥቱ ፕሬዚዳንቱ የወታደር ልብስ ለብሰው በቴሌቪዥን ቀረቡና የመንግሥት ግልበጣ ተሞክሮ ከሸፈ ብለው ተናገሩ፤ ሪክ ማቻር ግን ነገሩን ካዱ። ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ከቤት መውጣት ተከለከለ።

ከተኩሱ ይልቅ ያስፈራን ከዚያ በኋላ የሰማነው ወሬ ነው። ወታደሮች ከቤት ወደ ቤት እየዞሩ ሰውን ሁሉ ወገኑን ይጠይቁ ጀመር። ሲጠይቁት በዲንካ ቋንቋ መመለስ ያቃተው ኑዌር ይያዛል። ብዙ የኑዌር ወንዶች ደግሞ በግንባራቸው ላይ ስድስት መስመር የተበጣ ነው፤ ይኸውም በባህላቸው ከልጅነት ወጥቶ ሙሉ ሰው ለመሆኑ የሚሰጠው የክብር ምልክት ነው። በዚያ ሰሞን ያው የክብር ምልክት የሞት ምልክት ሆነ። ጉደሌ በሚባለው ሰፈር በፖሊስ ጣቢያ የታጐሩ በመቶ የሚቆጠሩ የኑዌር ሰዎች ተገደሉ።

በምንኖርበት ግቢ የሌሊት ዘበኛ የነበረው ሰው ኑዌር ነበር፤ ግንባሩም የተበጣ ነው። እኛ አምስት ኢትዮጵያውያን ፍራሻችንን መሬት ላይ ዘርግተን፥ መስኮቱን በቁም ሣጥን ከልለን፥ እሱን በመካከላችን አስተኝተን አደርን። በሁለተኛው ሌሊት የግቢው በር ተደበደበ። ትንፋሻችንን ውጠን ስናዳምጥ፥ በዚያው ግቢ ክፍል ተከራይታ የምትኖር አንዲት ሻይ ሻጭ የዲንካ ሴት በሩን ከፍታ በቋንቋዋ ስትነጋገር ሰማን። በግቢው ውስጥ ከእሷ በቀር ያሉት ሐበሾች ብቻ ናቸው ብላ እንደ መለሰች በኋላ ነገረችን። ወታደሮቹም ሄዱ። ይህች ሴት ዘበኛው ከእኛ ጋር መሆኑን ታውቃለች፤ ቢገኝ በራሷ ላይ የሚመጣውንም ታውቃለች።

ሲነጋ የአንገት ልብሷን አውልቃ ሰጠችውና ግንባሩን ጠመጠመበት። በአንድ ወዳጃችን የውሃ ቦቴ አሳፍረን በአውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ ወዳለው የተባበሩት መንግሥታት ሰፈር፥ ወደ ቶምፒንግ አደረስነው። በሩ ላይ ሴቶች ሕፃን አዝለው፥ ሽማግሌዎች ፍራሽ ተሸክመው ይጋፉ ነበር። በጥቂት ቀን ውስጥ በአሥር ሺህ የሚቆጠር ሰው እንዲህ ባሉ ሰፈሮች ተጠለለ። ዘበኛው ዘወር ብሎ እጁን አነሣልንና ገባ፤ ከዚያ ወዲህ አላየሁትም።

ጦርነቱ ወደ ቦር፥ ወደ ቤንቲዩና ወደ ማላካል ተዛመተ፤ በእነዚያም ስፍራዎች የኑዌር ታጣቂዎች በተራቸው የዲንካን ሰው ገደሉ። በኦሉሴጉን ኦባሳንጆ የተመራው የአፍሪካ ኅብረት መርማሪ ቡድን ሁለቱም ወገኖች ግፍ መሥራታቸውን ገልጿል። ጥር 15 ቀን 2006 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተፈረመው የተኩስ ማቆም ስምምነት ወዲያው ፈረሰ። በመስከረም 2011 ዓ.ም. እንደ ገና በአዲስ አበባ የሰላም ውል እስኪፈረም ድረስ በጦርነቱ ምክንያት ያለቀው ሕዝብ ወደ 400 ሺህ እንደሚጠጋ አጥኚዎች ገምተዋል። በመቶ ሺህ የሚቆጠሩ ስደተኞችም ወደ ጋምቤላችን ተሻግረዋል።

ዝሆኖች ሲጣሉ የሚጐዳው ሣሩ ነው ይባላል። በጁባ ያየሁት ከዚህ የባሰ ነበር፤ ሣሩም እርስ በርሱ እንዲጣላ ተደረገ። ለዚህም የተፈለገው ወታደር ብቻ አይደለም። የማን ቤት የት እንደ ሆነ፥ ማን ከማን እንደሚወለድ የሚያሳይ ጠቋሚ ያስፈልጋል። ጠቋሚ በታጣበት ግቢ ግን ወታደሩ እንደ መጣ ሲመለስ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

እንግዲህ ተማሪዎች ሆይ፥ ዛሬ ሁላችሁም በአንድ ወንበር ላይ ተቀምጣችሁ ከአንድ ጥቁር ሰሌዳ ትጽፋላችሁ። ነገ ከመካከላችሁ ሹም፥ ወታደር፥ ነጋዴ፥ ጋዜጠኛ የሚሆን አለ። ለክፋት የተዘጋጀ ሰው በደጃችሁ ቆሞ የጐረቤታችሁን ወገን በጠየቃችሁ ጊዜ፥ ያች ሻይ ሻጭ የመለሰችውን መልስ አስታውሱ። እሷ ትምህርት ቤት የመግባት ዕድል አላገኘችም፤ እናንተ አግኝታችኋልና ከእናንተ የሚጠበቀው ከእሷ ሊያንስ አይገባም።