ከተኩሱ በኋላ፦ ስለ «ድፍረት» ፊልም ፍጻሜ



በአነስተኛ በጀት የሚሠሩ፣ ስለ እገታ የሚተርኩ አስፈሪና አስቂኝ ፊልሞች አካሄዳቸው ይመሳሰላል። አጋቾቹ ቂሎች ናቸው፤ ታጋቿ ትበልጣቸዋለች፤ ደሙ በራሳቸው ላይ ይፈሳል፤ ተመልካቹም ይስቃል። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው የእንግሊዞቹ «ዘ ኮቴጅ» ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው፤ በአንደበቷ የምታሸብር አንዲት ሴትና ግራ የገባቸው ሁለት ወንድማማች አጋቾች አሉበት። የበቀል ሞት የዚህ ዘውግ መዝጊያ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2014 የታየው የዘረሰናይ ብርሃኔ መሐሪ «ድፍረት» ግን ይህን መዝጊያ ወደ መጀመሪያው አምጥቶታል። ከትምህርት ቤት ስትመለስ የተጠለፈችውና የተደፈረችው የ14 ዓመቷ ሂሩት ጠላፊዋን በገዛ መሣሪያው ትገድለዋለች። ሌላው ፊልም የሚያበቃው እዚህ ላይ ነበር። «ድፍረት» ግን «ከዚያስ?» ብሎ ይቀጥላል።

መልሱ በሁለት ችሎቶች መካከል ይንከራተታል፤ አንዱ የመንግሥት፣ ሌላው የሽማግሌዎች። ሶንጎን የምታውቁ እናንተ የሁለተኛውን ክብደት ከእኔ ይልቅ ትረዱታላችሁ። ሰው በጎረቤቶቹ መካከል መኖር መቻሉን የሚወስነው እርሱ ነውና። ፍርድ ቤቱ ራሷን ተከላክላለች ብሎ ሂሩትን በነፃ ያሰናብታታል፤ ወደ መንደሯ የሚወስደው መንገድ ግን አይከፈትላትም። የፊልሙ ታማኝነት ያለው፣ በእኔ ግምት፣ ድሉን እንዲህ ጎዶሎ አድርጎ በመተዉ ላይ ነው።

ሕጉን ካላስታወስን ግን ፍጻሜው አይገባንም። የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው የጠለፋትን ካገባ ክሱ እንዲቀር ይፈቅድ ነበር። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 587 ከ3 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ደንግጓል፤ ጋብቻውም ከተጠያቂነት አያድንም። (ተማሪዎች ዓመቱን እንዳታምታቱ፦ የእውነተኛዋ ባለታሪክ የአበራሽ በቀለ ጠለፋ የተፈጸመው በአርሲ እ.ኤ.አ. በ1996 ነው፤ ሕጉ ግን በእኛ አቆጣጠር ነው።)

አበራሽም በነፃ ከተለቀቀች በኋላ በሽማግሌዎች ውሳኔ ከቀዬዋ ርቃለች። ፊልሙ ለጠበቃዋ ለመዓዛ አሸናፊ እውነተኛ ስሟን ሰጥቶ የአበራሽን ስም ለውጧል። ይህ ለጥበቃ ሲባል የተደረገ ሊመስል ይችላል። ሆኖም በነሐሴ 2006 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ሊመረቅ የነበረው ፊልም፣ አበራሽ ታሪኬ ያለ ፈቃዴ ተወስዷል ብላ አቤት በማለቷ፣ ተመልካቹ ተሰብስቦ ሳለ በፍርድ ቤት ታገደ። በኋላ እግዱ ተነሥቷል፤ ጥያቄው ግን አልተነሣም። ስለ ጠለፋ የሚናገር ሥራ ባለቤቷን ሳይጠይቅ ታሪኳን ሲወስድ ምን ብለን እንጥራው? «ድፍረት» የሚለው ቃል ጀግንነትንም ጥቃትንም መያዙ እዚህ ላይ ሦስተኛ ትርጉም ያገኛል።

አሁን የመጨረሻዎቹን ደቂቃዎች አብረን እንይ፤ ሂሩት የምትናገርበትንና ሌሎች ስለ እርሷ የሚናገሩበትን ጊዜ እያነጻጸራችሁ ተከታተሉ።