የጦር መሣሪያ ክስ፦ ከፊርማው በፊት የሚያስፈልግ ምክር



በቨርጂኒያ ሽጉጥ በሕጋዊ መንገድ የገዛ አንድ ኢትዮጵያዊ የታክሲ አሽከርካሪ በምሳሌነት ይወሰድ። ግሪን ካርድ አለው። ጥይት የጎረሰ ሽጉጡን በመኪናው እንደያዘ የፖቶማክን ድልድይ ተሻግሮ ዋሽንግተን ሲገባ፣ የከተማዋ ፈቃድ ከሌለው በወንጀል ይከሰሳል። ዐቃቤ ሕግ «ጥፋትህን እመን፤ አትታሰርም» ቢለው እፎይ ብሎ ሊፈርም ይችላል።

ይሁን እንጂ በፌዴራሉ የኢሚግሬሽን ሕግ፣ ዜጋ ያልሆነ ሰው የጦር መሣሪያ በሕገ ወጥ መንገድ በመያዝ ጥፋተኛ ከተባለ፣ ቅጣቱ ቢቀልም፣ በአገሪቱ ብዙ ዓመት ቢኖርም፣ ፍርዱ ለመባረር ምክንያት ይሆናል።

ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2010 በፓዲላ እና ኬንታኪ ጉዳይ፣ ተከላካይ ጠበቃ ይህን አደጋ ለደንበኛው አስቀድሞ ማሳወቅ እንዳለበት ወስኗል። የኢሚግሬሽን ሕግ የሚያውቅ ባለሙያና ብቁ አስተርጓሚ ከሌለ ግን ግዴታው ወረቀት ላይ ይቀራል። በ1963 በጌዲዮን ጉዳይ የጸናው በመንግሥት ወጪ ጠበቃ የማግኘት መብትም ከወንጀል ችሎት አልፎ ወደ ኢሚግሬሽን ችሎት አይዘልቅም።

ስለዚህ ሕግ አውጪዎች ሁለት ነገር ይጠየቃሉ፦ በየመንግሥት ተከላካይ ጠበቆች ጽሕፈት ቤት የኢሚግሬሽን አማካሪ እንዲመደብ፣ ለአማርኛ አስተርጓሚም በጀት እንዲያዝ። «ሳይቃጠል በቅጠል» ነውና፣ ምክሩ ከፊርማው ይቅደም።