«ከሰኞ ጀምሮ እየጠበቅን ነው»
(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምንናገረው ስለ አንድ የእንግሊዝኛ አነጋገር ነው። ነገሩ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን በየፈተናው ነጥብ የሚያስቀንሰን፥ በየማመልከቻውም የሚያሳስተን እርሱ ነው።

በአማርኛችን «ከሰኞ ጀምሮ እየጠበቅን ነው» እንላለን። ያለፈውን ጊዜ «ከሰኞ ጀምሮ» የሚለው ይይዘዋል፤ «እየጠበቅን ነው» የሚለው ግሥ ግን ያሁኑን ብቻ ይናገራል። ለእኛ ይህ ይበቃል። ስለዚህ በእንግሊዝኛም «ዊ አር ዌይቲንግ ሲንስ መንደይ» ብለን እንጽፋለን። እንግሊዝኛ ግን ግሡ ራሱ ያለፈውንና ያሁኑን አንድ ላይ እንዲሸከም ስለሚፈልግ «ዊ ሃቭ ቢን ዌይቲንግ ሲንስ መንደይ» ይላል።

አሠራሩ ቀላል ነው፤ «ሃቭ» ወይም «ሃዝ»፥ ቀጥሎ «ቢን»፥ በመጨረሻም «ኢንግ» የተጨመረበት ግሥ። ሥራው የተጀመረበትን ቀን ስንጠቅስ «ሲንስ»፥ የቆየበትን ልክ ስንናገር «ፎር» እንላለን።

አንድ ጓደኛችን የገንዘብ እርዳታ ለመጠየቅ ሲጽፍ «አይ ስተዲድ ሂር ፎር ቱ ይርስ» አለ። ሊል የፈለገው ሁለት ዓመት ተምሬአለሁ፥ አሁንም በመማር ላይ ነኝ ነበር። ማመልከቻውን ያነበቡት ሰዎች ግን ትምህርቱን ያቋረጠ መሰላቸው። ነገሩ እስኪታረም አንድ ወር አለፈ። «አይ ሃቭ ቢን ስተዲዪንግ» ቢል ኖሮ ጥያቄ ባልተነሣ ነበር።

ሁለት ነገር ግን እንጠንቀቅ። እንደ «ኖው» ያሉ፥ ሥራን ሳይሆን ሁኔታን የሚገልጹ ግሦች ይህን መልክ አይወዱም፤ ወዳጃችንን ሁለት ዓመት ካወቅነው «ዊ ሃቭ ኖውን ሂም ፎር ቱ ይርስ» እንላለን። ደግሞም የተፈጸመውን ሥራ ስንቆጥር «ኢንግ» ይቀራል፤ ሦስት ደብዳቤ ጽፈን እንደ ሆነ «ዊ ሃቭ ሪትን ስሪ ሌተርስ» ነው። ስንጽፍ መቆየታችንን ብቻ ለመናገር ሲሆን ግን «ዊ ሃቭ ቢን ራይቲንግ» እንላለን።

ስለዚህ ጓደኛችን በክፍል ሲሳሳት አንሳቅበት። የተሳሳተው በገዛ ቋንቋው ሥርዓት ስለ አሰበ ነው። መምህሮቻችንንም በትሕትና የምንለምነው ቀዩን ምልክት ብቻ አድርገው እንዳያልፉ፥ ሁለቱን ቋንቋዎች ጐን ለጐን አስቀምጠው ልዩነቱን እንዲያሳዩን ነው።